ለላስታ ደጋ የሚሆን አነስተኛ ላፕቶፕ እንዴት ይመረጣል?

ላፕቶፕ ለመግዛት ወደ ቦሌ፣ ወደ መገናኛ ወይም ወደ መርካቶ ሱቆች ጎራ የሚል ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው ሁለት ነገር ነው፤ «ኮር አይ ስንት ነው?» እና «መጨረሻው ስንት ነው?»። ለአዲስ አበባ ቢሮ ይህ በቂ ሊሆን ይችላል። ኮምፒዩተሩ የሚሠራው ላሊበላ ከተማ ውስጥ፣ ከዚያም አልፎ በላስታ ቀበሌዎች በሚገኝ ጤና ጣቢያ ወይም ትምህርት ቤት ከሆነ ግን የጥያቄዎቹ ቅደም ተከተል መለወጥ አለበት።

በእኔ አስተያየት የመጀመሪያው ጥያቄ «መብራት ሲጠፋ ስንት ሰዓት ያሠራኛል?» የሚል ነው። ሁለተኛው «ኢንተርኔት ሳይኖር ሥራዬን ልሠራበት እችላለሁ?»፣ ሦስተኛው ደግሞ «ሲበላሽ መለዋወጫ ይገኝለታል?» የሚል ነው። ፍጥነትና ውበት የሚመጡት ከእነዚህ በኋላ ነው።

ሥራዬ ከኮምፒዩተር ጋር የተያያዘ በመሆኑ ወደ ሰሜን ወሎ የሚመደቡ የጤና ባለሙያዎች፣ መምህራን፣ እንዲሁም በአስጎብኚነትና በጥናት ሥራ ላይ ያሉ ወዳጆቼ «ትንሽ፣ ለመያዝ የማይከብድና ከአቅማችን ያልበለጠ ላፕቶፕ የቱ ነው?» እያሉ በየጊዜው ይጠይቁኛል። በስልክ በቁርጥራጭ የምመልሰውን አንድ ላይ አድርጌ እዚህ አቅርቤዋለሁ።

ያለፉት ዓመታት ምን አስተማሩን?

በ2013 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ላይ የሰሜኑ ጦርነት ላሊበላ ሲደርስ ከተማዋ መብራት፣ ስልክና የባንክ አገልግሎት ተቋረጠባት። ጦርነቱ ከአካባቢው ከራቀ በኋላም ቢሆን መብራቱ ለወራት አልተመለሰም ነበር። ቀጥሎም ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል በተፈጠረው ግጭት ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ተዘጋ። አብዛኛው የክልሉ ነዋሪ ለአንድ ዓመት ያህል ያለ ሞባይል ኢንተርኔት ቆይቷል።

እነዚህን ሁለት ክስተቶች የማነሳው የፖለቲካ ትንታኔ ለመስጠት አይደለም። ለላፕቶፕ ገዢ ግልጽ ትርጉም ስላላቸው ነው። የታካሚዎቹን መዝገብ፣ የተማሪዎቹን ውጤት ወይም የጥናቱን ቃለ መጠይቅ ኢንተርኔት ላይ ብቻ ያስቀመጠ ሰው መስመሩ ሲዘጋ መዝገቡም አብሮ ይዘጋበታል። ባትሪው ግማሽ ሰዓት እንኳ የማይቆይ ላፕቶፕ የያዘ ሰው ደግሞ መብራት በጠፋ ቁጥር ሥራ ይፈታል። ስለዚህ ላፕቶፕ ስንመርጥ «ሁሉም ነገር ሲኖር እንዴት ይሠራል?» ከማለት ይልቅ «መብራትም ኢንተርኔትም ሲጠፋ ምን ይቀረኛል?» ብለን መጀመር ይኖርብናል።

ትንንሾቹ ኮምፒዩተሮች ከየት መጡ?

ትንሽና ርካሽ ላፕቶፕ የሚለው ሐሳብ ለአገራችን አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2005 የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ተቋም ምሁር የሆኑት ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ ለድሃ አገር ሕፃናት የሚታደል የ100 ዶላር ላፕቶፕ እንደሚሠራ ይፋ አድርገው ነበር። «ኤክስኦ» የተባለው ይህ ኮምፒዩተር ተመርቶ ሲወጣ ዋጋው ወደ 200 ዶላር ተጠጋ። ያም ሆኖ በሺህዎች የሚቆጠሩ ኤክስኦዎች ወደ ኢትዮጵያ ገብተው በ2000 ዓ.ም. ገደማ በሙከራ ደረጃ ለተማሪዎች ተሰጥተዋል። የአማርኛ ፊደል የተቀረጸበት የቁልፍ ሰሌዳም ተሠርቶለት ነበር።

ኤክስኦ ለገጠር ታስቦ የተሠራ ዕቃ ነበር። የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ የለውም፤ ማቀዝቀዣ ፋን የለውም፤ የቁልፍ ሰሌዳው አቧራና ውሃ እንዳያስገባ በላስቲክ የተሸፈነ ነው፤ 7.5 ኢንች የሆነው ስክሪኑ ፀሐይ ላይ ይነበባል። ክብደቱም 1.5 ኪሎ ግራም አይሞላም። ችግሩ በመደበኛ ገበያ የሚሸጥ ዕቃ ባለመሆኑ መለዋወጫው በየሱቁ የማይገኝ መሆኑ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2007 መጨረሻ ደግሞ የታይዋኑ አሱስ «ኢ ፒሲ 701» የተባለ ባለ 7 ኢንች ላፕቶፕ ለገበያ አቀረበ። ክብደቱ ከ1 ኪሎ በታች፣ ማከማቻው 4 ጊጋባይት ብቻ፣ የሚሠራውም በሊነክስ ነበር። «ኔትቡክ» የተባሉት ትንንሽ ላፕቶፖች ዘመን የተጀመረው በዚህ ነው። ዘመኑ ግን ረዥም አልነበረም፤ አቅማቸው ደካማ በመሆኑና ታብሌት በመምጣቱ እ.ኤ.አ. በ2013 መግቢያ ላይ ዋነኞቹ አምራቾች ማምረቱን ተዉት።

ከሁለቱም የምንወስደው ትምህርት አለ። ኤክስኦ ለቦታው የሚስማማ ዕቃ ምን እንደሚመስል አሳይቷል፤ ኔትቡክ ደግሞ ዋጋው ስለቀነሰ ብቻ ላፕቶፕ እንደማያዋጣ አሳይቷል። እኛ የምንፈልገው የመጀመሪያውን ጠንካራነትና ቁጥብነት የያዘ፣ ነገር ግን ባትሪውም ቻርጀሩም ገበያ ውስጥ የሚገኝለት ዕቃ ነው።

ከፍታው በኮምፒዩተር ላይ ምን ያደርጋል?

ላሊበላ ከባሕር ጠለል በላይ 2500 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ከጀርባዋ ያለው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ከ4200 ሜትር ይበልጣል። የአየር ግፊቱ ላሊበላ ላይ በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛው ያህል ሲሆን አቡነ ዮሴፍ አናት ላይ ወደ 60 በመቶ ይወርዳል። ይህ ቁጥር ለተራራ ወጪ ብቻ የሚጠቅም ሊመስል ይችላል፤ ላፕቶፕም ግን አየር ይፈልጋል።

በድሮው ሃርድ ዲስክ ውስጥ መረጃውን የሚያነበው ራስ በሚሽከረከረው ሳህን ላይ ተንሳፍፎ የሚቆመው በስስ የአየር ንጣፍ ነው። አየሩ ሲሳሳ ራሱ ወደ ሳህኑ ይቀርባል፤ ሲነካው ደግሞ ሳህኑን ይፍቀዋል፤ መረጃውም ይጠፋል። ለዚህም ነው አብዛኞቹ ሃርድ ዲስኮች እስከ 3048 ሜትር ማለትም እስከ 10 ሺህ ጫማ ድረስ ብቻ እንዲሠሩ የሚፈቀደው። ላሊበላ ከተማ ውስጥ ችግር የለም። ወደ አቡነ ዮሴፍ ወጥቶ እዚያ የሚከፍተው ሰው ግን ከተፈቀደው ወሰን ውጭ እየሠራ ነው።

ከከፍታው ባልተናነሰ ደግሞ መንገዱ አለ። ከጋሸና ወደ ላሊበላ 64 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከላሊበላ ወደ ገጠር ቀበሌዎች የሚወስዱት መንገዶች ደግሞ ጠጠር፣ አቧራና የበቅሎ መንገድ ናቸው። ንዝረትና ሃርድ ዲስክ አይስማሙም። ስለዚህ ኤስኤስዲ የሌለው ላፕቶፕ በምንም ዋጋ ቢሆን ለላስታ እንዳይገዙ እመክራለሁ። ኤስኤስዲ የሚንቀሳቀስ አካል ስለሌለው ከፍታውም መንገጫገጩም ብዙ አይነካውም፤ መብራትም ይቆጥባል።

የሳሳ አየር ሙቀት በማውጣትም በኩል ደካማ ነው። በብዙ የሌኖቮ ቲንክፓድ መመሪያዎች ላይ ኮምፒዩተሩ እስከ 35 ዲግሪ ሙቀት ድረስ መሥራት እንደሚችል ተጽፎ፣ ከ2438 ሜትር በላይ ሲሆን ግን ይህ ወሰን ወደ 31.3 ዲግሪ እንደሚወርድ ይገለጻል። ላሊበላ ከዚህ መስመር ትንሽ ከፍ ብላ መገኘቷ ነው። አገሩ ቀዝቃዛ ስለሆነ በክፍል ውስጥ አያሳስብም። በበጋ እኩለ ቀን ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ወይም በቀጥታ ፀሐይ ላይ ከሠሩ ግን የላፕቶፑ የአየር መውጫ እንዳይታፈን ይጠንቀቁ፤ አልጋና ብርድ ልብስ ላይም አያስቀምጡት።

ሌሊት ላይ ደግሞ ተቃራኒው ነው። የሊትየም ባትሪ ከዜሮ ዲግሪ በታች ሆኖ ቻርጅ መደረግ የለበትም፤ ይጎዳል። በተራራው ላይ የሚያድር ሰው ላፕቶፑን እንደ ስልኩ ሁሉ ብርድ ልብሱ ውስጥ ያሳድረው፤ ጠዋትም ሙቀቱ ከክፍሉ ጋር እስኪስተካከል ሳይከፍት ይቆይ።

ባትሪን በዋት ሰዓት መቁጠር

ሻጮች «ባትሪው አሪፍ ነው፤ አምስት ሰዓት ይይዛል» ይላሉ። በዚህ አይርኩ። የባትሪ መለኪያው ዋት ሰዓት ነው። በባትሪው ገላ ላይ ወይም በዕቃው መግለጫ ላይ ተጽፎ ይገኛል። ትንንሽ ላፕቶፖች ከ35 እስከ 55 ዋት ሰዓት የሚሆን ባትሪ አላቸው። ሰነድ በመጻፍና በማንበብ ላይ ያለ፣ የስክሪኑ ብርሃን የተቀነሰ ቁጥብ ላፕቶፕ 6 ዋት ያህል ይበላል። ባለ 48 ዋት ሰዓት ባትሪ ለ6 ሲካፈል 8 ሰዓት ይሆናል። ይኸው ላፕቶፕ ቪዲዮ ሲያቀናብር 15 ዋት ከበላ ግን የሚያሠራው 3 ሰዓት ከሩብ ያህል ነው።

ይህ ስሌት አንድ ሌላ ነገርም ያስረዳል። ትልቅ ስክሪንና የጌም ግራፊክስ ያለው ላፕቶፕ በዋጋ ቢረክስ እንኳ ለላስታ አይሆንም፤ የሚበላው መብራት ብዙ ነው። ከ11 እስከ 13 ኢንች ስክሪን ያላቸውን የምመርጠው ለመያዝ ስለሚመቹ ብቻ ሳይሆን በአንድ ሙሌት ረዥም ሰዓት ስለሚሠሩም ነው።

ሁለተኛው ቁም ነገር ቻርጅ የሚደረግበት መንገድ ነው። በታይፕ ሲ ቻርጅ የሚደረግ ላፕቶፕ ይምረጡ። የራሱ ቻርጀር ቢቃጠል ከሌላ ሰው ተውሰው መሥራት ይችላሉ። ከፓወር ባንክም ይሞላል። 20 ሺህ ሚሊ አምፒር ሰዓት የሚል ፓወር ባንክ በ3.7 ቮልት ሲባዛ 74 ዋት ሰዓት ነው፤ በመንገድ የሚባክነው ተቀንሶ አንድ ትንሽ ላፕቶፕን አንድ ጊዜ ይሞላል። ሲገዙ ግን ፓወር ባንኩ ለላፕቶፕ የሚሆን 45 ወይም 65 ዋት የሚያወጣ መሆኑን ያረጋግጡ፤ ለስልክ ብቻ የተሠራው አይሞላውም። በአውሮፕላን የሚጓዙ ከሆነ ፓወር ባንኩን በእጅ ሻንጣ ይያዙ፤ አየር መንገዶች ያለ ልዩ ፈቃድ የሚያሳልፉት እስከ 100 ዋት ሰዓት ድረስ ነው።

መብራት ለቀናት ለሚጠፋበት ቦታ ሶላር ያስፈልጋል። አንድ ባለ 100 ዋት ፓነል በደህና የበጋ ፀሐይ በቀን 5 ሰዓት ቢሠራና ከሚያመነጨው ሠላሳ በመቶው ቢባክን 350 ዋት ሰዓት ይሰጣል። ይህ ላፕቶፕዎን፣ ስልክዎንና ሁለት አምፖል ያለ ችግር ያዳርሳል። በሐምሌና በነሐሴ ደመና ግን የዚህን ትንሽ ክፍል ብቻ ስለሚያገኙ ለክረምት አብዝተው ያስቡ። ከሶላሩ ባትሪ ወደ ላፕቶፕ ሲወስዱ ለመኪና የተሠራውን ባለ 12 ቮልት የታይፕ ሲ ቻርጀር መጠቀም ወደ 220 ቮልት በኢንቨርተር ቀይሮ ከመመለስ ይሻላል፤ በእያንዳንዱ መቀየር ላይ የሚባክን አለና።

መብራት ሲመለስ አንዳንዴ ከልክ በላይ ሆኖ ይመጣል። በጠፋ ጊዜ ቻርጀሩን ከሶኬት ይንቀሉ፤ ከመጣም በኋላ ጥቂት ደቂቃ ይጠብቁ። ስታቢላይዘር ካለ እሰየው። ከዱባይ የሚመጡ ቻርጀሮች አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ጠፍጣፋ እግር ያለው ስፒና ስላላቸው በልል ማቀያየሪያ ሲሰኩ ይረግባሉ፤ ይሞቃሉ። ክብ እግር ያለው ገመድ በትንሽ ገንዘብ ይቀየራል፤ እዚያው አዲስ አበባ ሳሉ ያስቀይሩት።

አዲስ ርካሽ ወይስ ያገለገለ ጠንካራ?

ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የኤሌክትሮኒክስ ዋጋ በየጊዜው ይለዋወጣል። በዚህ ምክንያት ዛሬ የምጽፈው ዋጋ ነገ ስለማይሠራ የብር ቁጥር አልጠቅስም። የምርጫው ፍሬ ነገር ግን አይለወጥም።

በተመጣጣኝ ዋጋ የሚገኙት ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው አዲስ ሆኖ በጣም የረከሰው ነው፤ ስክሪኑ 11 ኢንች አካባቢ፣ ፕሮሰሰሩ ሴለሮን፣ ራሙ 4 ጊጋባይት፣ ማከማቻው ከቦርዱ ጋር የተበየደ 64 ጊጋባይት ነው። መብራት በመቆጠብ በኩል ጎበዝ ነው፤ ብዙዎቹ ፋን የላቸውም። ይሁን እንጂ ዊንዶውስና ማሻሻያዎቹ ብቻቸውን የማከማቻውን ግማሽ ያህል ይይዙበታል፤ ራሙም ማከማቻውም አይጨመርም፤ ማከማቻው የሞተ ዕለት ላፕቶፑም ሞተ ማለት ነው።

ሁለተኛው ያገለገለ የቢሮ ላፕቶፕ ነው። በአውሮፓ፣ በአሜሪካና በባሕረ ሰላጤው አገሮች ትላልቅ ድርጅቶች ሲጠቀሙባቸው ቆይተው የሸጧቸው፣ በነጋዴዎች በኩል ወደ እኛ የሚደርሱት ናቸው። የሌኖቮ ቲንክፓድ ኤክስ ተከታታይ፣ የዴል ላቲቲዩድ 7000 እና የኤችፒ ኤሊትቡክ 800 ተከታታይ በዚህ ይመደባሉ። አዲስ ሳሉ ውድ ስለነበሩ አካላቸው ጠንካራ ነው። የጀርባ ክዳናቸው በብሎን ይከፈታል፤ ባትሪው፣ ኤስኤስዲውና የቁልፍ ሰሌዳው ይቀየራል። በብዛት ስለተመረቱም መለዋወጫቸው ገበያ ውስጥ አለ።

የእኔ ምርጫ ሁለተኛው ነው። ምክንያቱም ላሊበላ ላይ የተበላሸ ላፕቶፕ ወደ ደሴ፣ ወደ ባሕር ዳር ወይም ወደ አዲስ አበባ መላክ ማለት ሳምንታት ማለት ነው። በፖስታ ወይም በመንገደኛ የሚላክ ባትሪ ተቀብሎ፣ ብሎን ፈትቶ ራስን ማዳን የሚቻልበት ዕቃ ዋጋው በወረቀት ላይ ከሚታየው በላይ ነው። ለአዲስ ዕቃ የግድ የሚሉ ካሉ እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ የወጣው ኢንቴል ኤን 100 ፕሮሰሰር ያለበትን፣ ራሙ 8 ጊጋባይት የሆነውንና ኤስኤስዲው የሚቀየረውን ይፈልጉ፤ ይህ ቺፕ በቁጥብነቱ ከድሮዎቹ ሴለሮኖች ጋር ሆኖ በሥራ አቅሙ ይበልጣቸዋል።

የዊንዶውስ 10 ማብቃት

ያገለገለ ዕቃ ሲገዙ ከሁሉ በላይ የሚያስጠነቅቀው ይህ ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ለግለሰቦች የተፈቀደው ማራዘሚያም እ.ኤ.አ. እስከ ጥቅምት 2026 ድረስ ብቻ ነው። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከኢንቴል ፕሮሰሰሮች በይፋ የሚቀበለው ከጥቂቶች በስተቀር ከስምንተኛው ትውልድ ጀምሮ ያሉትን ነው።

ስለዚህ «ኮር አይ 5 ነው» የሚለው ንግግር ብቻውን ትርጉም የለውም። ከሰረዙ ቀጥሎ ያለው ቁጥር በ8 የሚጀምር፣ አሥረኛ ትውልድና ከዚያ በላይ ከሆነም በ10፣ በ11 የሚቀጥል መሆኑን ይዩ። በ2 ወይም በ3 የሚጀምር ኮር አይ 7 በስም ትልቅ ቢሆንም ዕድሜው አሥር ዓመት ያለፈ ነው። ቲንክፓድ ኤክስ 280፣ ላቲቲዩድ 7290 እና ኤሊትቡክ 830 ጂ 5 ስምንተኛው ትውልድ ያላቸው፣ ስክሪናቸው ከ12.5 እስከ 13.3 ኢንች የሆኑና በታይፕ ሲ ቻርጅ የሚደረጉ ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ክብደታቸው 1.2 ኪሎ ግራም አካባቢ ነው። የኤክስ 280 ራም ከቦርዱ ጋር የተበየደ ስለሆነ ከመጀመሪያውኑ ባለ 8 ጊጋባይቱን ይግዙ፤ የኤሊትቡኩ ግን ይጨመራል።

አንድ ልዩ ነገር ልጥቀስ። ቲንክፓድ ኤክስ 270 ከውስጥ አንድ፣ ከውጭ አንድ ባትሪ አለው፤ የውጭውን ኮምፒዩተሩን ሳያጠፉ ነቅሎ በሌላ ሙሉ ባትሪ መተካት ይቻላል። ለላስታ ከዚህ የተሻለ አሠራር አላየሁም። ይሁንና ፕሮሰሰሩ ስድስተኛ ወይም ሰባተኛ ትውልድ ስለሆነ ዊንዶውስ 11 በይፋ አይቀበለውም። ሊነክስ ለመጠቀም ፈቃደኛ ለሆነ ሰው ግን በዝቅተኛ ዋጋ የሚገኝ ግሩም ዕቃ ነው። ኡቡንቱና ሊብሬ ኦፊስ በነፃ ይጫናሉ፤ ያለ ኢንተርኔትም ይሠራሉ።

ሥራቸው ሁሉ ከኢንተርኔት ጋር የተሳሰረው ክሮምቡኮች ርካሽና ባትሪያቸው ረዥም ቢሆንም፣ ከላይ ባነሳሁት የ2015 እና የ2016 ዓ.ም. ልምድ ምክንያት ለዚህ አካባቢ ብቸኛ ኮምፒዩተር አድርጌ አልመክርም።

ፊደላችንና ስክሪኑ

የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ ከተካተተ ወዲህ፣ በተለይም ዊንዶውስ ቪስታ «ኒያላ» የተባለውን ፎንት ይዞ ከመጣ በኋላ በማንኛውም አዲስ ላፕቶፕ ላይ አማርኛ ማንበብ ችግር መሆኑ ቀርቷል። ለመጻፍም የዊንዶውስ የራሱ የአማርኛ ሰሌዳ ወይም ኪይማን አለ። ወደ ገጠር ከመሄድዎ በፊት አውርደው ይጫኑ። በድሮው ፓወር ግዕዝ የተጻፉ ሰነዶች ካሉዎትም ወደ ዩኒኮድ ቀይረው ይሂዱ፤ አለበለዚያ ፎንቱ በሌለበት ላፕቶፕ ላይ የማይነበብ ምልክት ሆነው ይቀራሉ።

የቁልፍ ሰሌዳውን ይመልከቱ። ከጀርመን የመጣ ላፕቶፕ ላይ የዋይና የዜድ ቁልፎች ቦታ ተለዋውጠዋል፤ በድምፅ ለሚጽፍ ሰው «የ» እና «ዘ» ይምታቱበታል። ከፈረንሳይ የመጣው ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው።

ፊደላችን ዝርዝሩ ብዙ ነው። ሰ እና ስ፣ ቀ እና ቁ የሚለዩት በትንሽ ጭረት ነው። ዝቅተኛ ጥራት ባለው ስክሪን ላይ ሰዓታት ማንበብ ዓይን ያደክማል። ስለዚህ 1920 በ1080 የሆነ፣ ከጎንም ሲታይ ቀለሙ የማይለወጥ አይፒኤስ ስክሪን ይምረጡ። ደጅ ለሚሠራ ሰው ብርሃኑ ቢያንስ 300 ኒትስ ቢሆን ጥሩ ነው።

ማከማቻና ቅጂ

የብራና መጻሕፍትን ፎቶ የሚያነሳ ሰው 200 ቅጠል ያለው አንድ መጽሐፍ 400 ገጽ መሆኑን፣ አንዱ ፎቶ 25 ሜጋባይት ቢሆን አንዱ መጽሐፍ 10 ጊጋባይት እንደሚወስድ ያስላ። 256 ጊጋባይት ማከማቻ ከዊንዶውሱ ተርፎ ሃያ መጽሐፍ እንኳ በምቾት አይይዝም። ለእንዲህ ያለ ሥራ 512 ጊጋባይት ይግዙ። ለሰነድና ለሠንጠረዥ ግን 256 ይበቃል።

ከማከማቻው መጠን በላይ የቅጂው ብዛት ያሳስበኛል። በውጭ ኤስኤስዲ ላይ አንድ ቅጂ ይያዙ፤ ሁለተኛውን በሌላ ሰው ቤት ወይም በሌላ ከተማ ያስቀምጡ። ብራናው ያለ መብራት ስምንትና ዘጠኝ መቶ ዓመት ይነበባል፤ ፎቶው ግን አንዲት ቺፕ ስትቃጠል አብሮ ይጠፋል።

ሱቅ ውስጥ ምን ይመርምሩ?

ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት ግማሽ ሰዓት ይውሰዱ። ሻጩ ቅር ቢለው ሌላ ሱቅ አለ።

አንደኛ፣ ዊንዶውስ የሚያወጣውን «ባትሪ ሪፖርት» ያስከፍቱ። በውስጡ «ዲዛይን ካፓሲቲ» እና «ፉል ቻርጅ ካፓሲቲ» የሚሉ ሁለት ቁጥሮች አሉ። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ከ70 በመቶ በታች ከሆነ የአዲስ ባትሪ ዋጋ ከሒሳቡ ላይ ይቀነስ። ከዚያም ቻርጀሩን ነቅለው ቀሪውን ምርመራ በባትሪ ብቻ ይቀጥሉ፤ ሪፖርቱ የሚሸሽገውን ይህ ያሳያል።

ሁለተኛ፣ ኮምፒዩተሩን አጥፍተው ሲያበሩ ወደ ባዮስ ይግቡ። የይለፍ ቃል ከጠየቀ አይግዙት፤ የቀድሞ ድርጅቱ ቁልፍ ገና አልተነሳለትም ማለት ነው።

ሦስተኛ፣ በታይፕ ሲ ቻርጀር ሰክተው ባትሪው መሙላት መጀመሩን ይዩ። የሁሉም ላፕቶፕ ታይፕ ሲ ቀዳዳ መብራት አይቀበልም።

አራተኛ፣ ሁሉንም ቁልፎች በአንድ ሰነድ ላይ ይምቱ፤ ስክሪኑን በነጭና በጥቁር ገጽ ይፈትሹ፤ ማጠፊያው አለመላላቱን፣ ካሜራውንና ድምፁን ይሞክሩ።

አምስተኛ፣ ክዳኑ በብሎን የተዘጋ እንጂ የተለጠፈ አለመሆኑን፣ ራሙና ኤስኤስዲው የሚቀየሩ መሆናቸውን ይጠይቁ። የዋስትናውንም ጊዜ በደረሰኙ ላይ ያስጽፉ።

ገንዘቡ እንዴት ይከፋፈል?

በብዛት የማየው ያለውን ገንዘብ በሙሉ ላፕቶፑ ላይ አፍስሶ ለሌላው ባዶ እጅ መቅረትን ነው። እኔ የምመክረው ከ10 ብር 7ቱን ለላፕቶፑ፣ 2ቱን ለመብራት ማለትም ለፓወር ባንክ፣ ለመኪና ቻርጀር ወይም ለሶላር፣ 1ዱን ደግሞ ለውጭ ማከማቻ መመደብ ነው። ሰባቱ ብር የሚገዛው ላፕቶፕ ከአሥሩ በፍጥነት ትንሽ ያንሳል፤ ሌሊት መብራት ሲጠፋ ግን የሚሠራው እሱ ነው።

በአጭሩ፣ ሪፖርትና ሠንጠረዥ ለሚሠራ የጤና ባለሙያ ወይም መምህር ስምንተኛው ትውልድ ኮር አይ 5፣ 8 ጊጋባይት ራምና 256 ጊጋባይት ኤስኤስዲ ያለው ያገለገለ ባለ 12.5 ኢንች ላፕቶፕ ይበቃዋል። ፎቶና ቪዲዮ ለሚሠራ አስጎብኚ ወይም ተመራማሪ ባለ 13.3 ኢንቹ ከ16 ጊጋባይት ራምና ከ512 ጊጋባይት ማከማቻ ጋር ይሻለዋል። ገንዘቡ ያጠረውና ሊነክስ የማይፈራ ሰው ባለ ሁለት ባትሪውን ኤክስ 270 ይዞ ቢሄድ አይጸጸትም።

በመጨረሻም፣ ዕቃው በተገዛ ማግስት ጉዞ አይጀምሩ። አንድ ሳምንት አዲስ አበባ ውስጥ፣ ዋይፋይ አጥፍተውና ቻርጀሩን ነቅለው የዘወትር ሥራዎን ይሥሩበት። የጎደለው ፎንት፣ ያልተጫነው ፕሮግራም፣ የደከመው ባትሪ ሁሉ በዚያ ሳምንት ይታወቃል፤ ሱቁም ገና ቅርብ ነው። መልካም ግዢ፣ መልካም መንገድ።